ለአዳሪውም ለተመላላሹም

ልጆቼ፣

የጎረቤቴ ልጅ በመጪው መስከረም ሐረር አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ሴትና ወንድ አብሮ የሚማርበት፣ ገሚሱ አዳሪ፣ ገሚሱ ተመላላሽ የሆነበት ትምህርት ቤት ነው። እሁድ ዕለት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን «እትዬ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። ወፍራም ብርድ ልብስ አልኳት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ስትጨርሱ ብርዱ ይቀበላችኋል። ባልዲና ቁልፍም ያዢ አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ የጠየቀችኝ የዕቃ ነገር ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁትም ይህን እጽፋለሁ።

እኔም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐረር አዳሪ ነበርኩ። የመጣሁት ሂርና አካባቢ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ሚኒስትሪ ካለፍኩ በኋላ እዚያ የምቀጥልበት ትምህርት ቤት አልነበረም። አባቴ በአውቶቡስ ይዞኝ መጣ። ጨለንቆን፣ ቁልቢን፣ ሀረማያን አለፍን። ያኔ የሀረማያ ሐይቅ ሙሉ ነበር። የብረት ሳጥኔን መኝታ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠልኝ። ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። ያን ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እየሰማሁ አለቀስኩ። ጅብ በእኛም አገር አለ። የአገሬን ጅብ ግን አባቴ አጠገቤ እያለ ነበር የምሰማው።

ናፍቆት እንደ ወባ ነው። ለቀቀኝ ስትሉ ማታ ማታ ይመለሳል። ለእኔ የሻለኝ በሁለተኛው ወር አንዲት ጓደኛ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ተመላላሽ ነበረች። በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ነው ቤታቸው። በሂሳብ የሚደርስባት አልነበረም። የቤት ሥራ ግን ሠርታ አትመጣም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋታል። አስተማሪዎቹ ሰነፍ አሏት። እኛ አዳሪዎቹም በልባችን እንቀናባት ነበር። የእናቷን ወጥ በልታ፣ በእናቷ ቤት ተኝታ የምትመጣ ልጅ ምን ጎደላት እንል ነበር። እኛ ዳቦ በሻይ ጠጥተን፣ በደወል ተነስተን፣ በደወል ተኝተን ነው የምንውለው።

አንድ ቀን እያለቀሰች አገኘኋት። ስትነግረኝ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ውሃ ትቀዳለች። እናቷን ገበያ ታግዛለች። ታናናሾቿን ታበላለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እኔ ሰዓት ነበረኝ፣ ቤት አልነበረኝም። እሷ ቤት ነበራት፣ ሰዓት አልነበራትም።

እናም ተለዋወጥን። የመኝታ ቤት ኃላፊያችንን ለምነን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት አብራኝ የጥናት ክፍል እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። የእሷ እናት መጀመሪያ አልወደዱትም። በኋላ ግን «ቅዳሜ ልጅቷን ይዘሻት ነይ» አሉ። ቅዳሜ ሄድኩ። በቀይ አፈር የተለሰነው ነደባ፣ ማለት የሐረሪ ቤት መደብ፣ ላይ አስቀመጡኝ። ግድግዳው በሙሉ በሰፌድና በሙዳይ ተሞልቷል። ሀሻራ፣ የቡና ገለባ የተፈላበት፣ በወተት ሰጡኝ። ከዚያ «ሳምንቱ እንዴት አለፈልሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ግቢ ውስጥ ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

መሠረተ ትምህርት በ1971 ተጀምሮ ስለነበር እሳቸውም ቀበሌ ፊደል ይማሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችን እያገዝናቸው ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። እሷ ሂሳብ ታስረዳኛለች፣ እኔ የጎደላትን ኖት አስገለብጣታለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ተማርን።

ስለዚህ አዳሪ የምትሆኑ ልጆች፣ ተመላላሹን «የእናቱ ልጅ» እያላችሁ አትራቁት። ቤቱ ምን እንደሚጠብቀው ጠይቁት። ተመላላሾችም አዳሪውን ለበዓል ብቻ አታስታውሱት። ተራ ቅዳሜ ነው ለአዳሪ የሚከብደው።

ሴትና ወንድ አብሮ መማር ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ከእኛ ጊዜ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን፣ ስመ ጥሮቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተለያዩ ነበሩ። አዲስ አበባ እቴጌ መነን የሴቶች፣ ጄኔራል ዊንጌት የወንዶች ነበር። እኛ አንድ ላይ መሆናችን ዕድል ነው። ግን ሴቶቹ ኋላ ተቀምጠን፣ እጃችንን ሳናወጣ ዓመት እናልፍ ነበር። ከወንድ ጋር ካጠናሽ ወሬው ከአንቺ ቀድሞ መኝታ ቤት ይገባል። እኔና ጓደኛዬ ከሁለት ወንዶች ጋር አራት ሆነን ማጥናት ስንጀምር ያልተባልነው የለም። መላው ቀላል ነበር። ሰው በሚያየው ቦታ፣ በብርሃን፣ በቡድን አጠናን። ወሬው ሰልችቶት ተወን።

አሁን በግልጽ የምለው አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አዋላጅ ሆኜ ስለሠራሁ አላፍርበትም። አሥረኛ ክፍል እያለሁ የወር አበባዬ ሲመጣ ሦስት ቀን ከመኝታ ቤት አልወጣሁም። ውሃ የለም። የምንታጠብበት የተከለለ ቦታ የለም። ለኃላፊዎቹ ስንነግር «ታገሡ» ተባልን። ትምህርት ቤቱ በዚህ በድሎናል፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከአጥኚ ቡድናችን አንዱ ወንድ ልጅ ግን የሦስቱን ቀን የባዮሎጂ ኖት በእጁ ገልብጦ በጓደኛዬ በኩል ላከልኝ። ምን ሆንሽ አላለኝም። አልሳቀም። ወንዶች ልጆቼ፣ አብሮ መማር ማለት ለእኔ ያ ልጅ ነው።

ሴቶች ልጆቼ፣ ከባልዲው ጋር ሞዴስ ያዙ። ለራሳችሁና ለአንዲት ጓደኛ የሚበቃ። ሕመሙ ከአልጋ የማያስነሳችሁ ከሆነ «ሆዴን ነው» ብላችሁ አትሸፋፍኑ። ክሊኒክ ሄዳችሁ በስሙ ጥሩት። የወር አበባ ነው፤ የሚረዳ መድኃኒትም አለው።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ የሐረርጌ ሰው አይደለሁም። የጫት ገበያው አወዳይ ቅርብ ነው። ለፈተና ቅሙ፣ ታነጋላችሁ የሚላችሁ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ታነጋላችሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ምርቃናው ሲወርድ ግን እንቅልፋችሁም ጉልበታችሁም የለም። በእናንተ ዕድሜ አእምሮ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ያነበባችሁት የሚረጋው ስትተኙ ነው። ጎበዝ የነበሩ ልጆች በዚህ ሲወድቁ አይቻለሁ።

አዳሪ ትምህርት ቤት የማትገቡትም ብትሆኑ ይህ ይመለከታችኋል። ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየታደረ መሰጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ምክንያት አለው፤ የዓመታት የትምህርት ድክመት ነው የታየው። ግን የሰፈራችን ልጆች ሲመለሱ የነገሩኝን አልረሳም። ብዙዎቹ ከቤታቸው ውጪ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ሂሳብ ልትፈተን ገባች። እባካችሁ ከቤት ርቆ መተኛትን ከፈተናው በፊት ተለማመዱት። አክስት ቤት፣ አያት ቤት፣ ጓደኛ ቤት እደሩ። ወላጆችም ፍቀዱላቸው።

ያቺ ጓደኛዬ የሂሳብ አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጣች። ዛሬም ያው ጁገል ነው ቤቷ፤ እናቷ ግን አርፈዋል። ሰኞ ጠዋት ደወልኩላትና የጎረቤቴን ልጅ ነገር ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ «አቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ እንጂ!» አለችኝ። ስልኳንና የቤቷን ምልክት ወረቀት ላይ ጽፌ ከባልዲው ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።