«ጠመኔዬን ይዤ ጡረታ ልጠብቅ ወይስ ልማር?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለ26 ዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 51 ነው። በሥራዬ ተመስግኜ እንጂ ተወቅሼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን በየክፍሉ ፕሮጀክተር ተገጠመ፤ ለእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ታደለን፤ የተማሪዎች ውጤትም ከእንግዲህ በኮምፒውተር ተሠርቶ እንዲቀርብ ተነገረን። የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶናል። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ጣቶቹ ሲሮጡ ዓይኔ ሊከተላቸው አልቻለም። ባልደረቦቼ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ላፕቶፑ እንዴት እንደሚጠፋ እንኳን አላስታወስኩም።

ከሁሉ የባሰው ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝ ነው። ፕሮጀክተሩን ለማስነሣት ስታገል ዐሥር ደቂቃ አለፈ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ መጥቶ አንድ ቁልፍ ተጫነና አስተካከለው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ሊረዳኝ እንጂ ሊያሳፍረኝ እንዳልመጣ አውቃለሁ። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ ላፕቶፑን ከመሳቢያ አላወጣሁትም። ሮስተሩን፣ ማለትም የተማሪዎቹን የውጤት መዝገብ፣ የምትሠራልኝ ልጄ ናት። ለጡረታ ጥቂት ዓመታት ቀርተውኛል። ጠመኔዬን ይዤ ልጨርሳቸው ወይስ በዚህ ዕድሜ መማር ይቻላል? ደግሞስ ሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ለሚሠራ ሒሳብ ፕሮጀክተር ምን ይጠቅመዋል?

የሒሳብ መምህርት ነኝ

መልስ፦

የተከበሩ መምህርት፣ እህቴ፤

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እዚያ ላይ እውነት አለዎትና። ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር የሚወጣ ሒሳብ ለፕሮጀክተር ተላልፎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ተማሪው የሚያስበው በእጅዎ ፍጥነት ነው። እርስዎ የመደመር ምልክቱን ወደ መቀነስ ሲለውጡ ቆም ይላሉ፤ እሱም አብሮዎት ቆም ብሎ «ለምን?» ይላል። ተዘጋጅቶ የመጣ ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ሲበራ ያ ቆም ማለት አይኖርም። ስለዚህ ጠመኔውን የሚያስጥልዎ ሰው ቢመጣ አይስሙት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በውስጡ ሦስት ሰዎች ኮምፒውተር ይነካሉ፤ አሠልጣኙ፣ ተማሪው እና ልጅዎ። አንዳቸውም እርስዎ አይደሉም። ችግሩ ዕድሜዎ ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ እስካሁን የሰው እጅ ሲሠራ ማየትዎ እንጂ የራስዎ እጅ ሲሠራ አለማየትዎ ነው። ተማሪ እርስዎ ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ እያየ ብቻ ሒሳብ እንደማይችል ከ26 ዓመት ሥራዎ ያውቁታል።

እኔ ፊዚክስ ለ31 ዓመታት አስተምሬያለሁ። ኮምፒውተር የነካሁት በ48 ዓመቴ ነው። ፍርሃቴ አለማወቅ አልነበረም፤ ማበላሸት ነበር። አንድ ቁልፍ ብስት የሰው ሥራ ሁሉ ይጠፋል ብዬ እሰጋ ነበር። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ይህን ገባት። አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ወንበሯን ለቀቀችልኝና «ጋሼ፣ የፈለጉትን ይጻፉ» አለችኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግኩ ግማሽ ገጽ ያህል ጻፍኩ፤ ላቤ ጠብ እስኪል። «አሁን ሁሉንም ያጥፉት» አለች። አጠፋሁት። ገጹ ባዶ ሲሆን ልቤ ድንግጥ አለ። «በሉ፣ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘው ዜድን ይጫኑ።» ተጫንኩ፤ የጻፍኩት ሁሉ ተመልሶ ተደረደረ። ደግሜ አጠፋሁት፤ ደግሜ መለስኩት። በዚያ ምሽት ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግኩ አላስታውስም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥና ስነሣ ግን አንድ ሰው አልነበርኩም። ጸሐፊዋ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ኪቦርዱን አንድ ጊዜ እንኳን አልነካችውም። ውለታዋን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እርስዎም ከዚህ ይጀምሩ። ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጧትና እጇን እንድታጣምር ይንገሯት። በቃል ትምራዎ፤ የሚጫነው የእርስዎ ጣት ይሁን።

የመጀመሪያው ሥራዎ ሮስተሩ ነው። ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር ለጊዜው ይቆይ። አምና በእጅዎ ሠርተው የጨረሱትን የአንድ ክፍል ሮስተር ያውጡ፤ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁት ጥያቄ ማለት ነው። ኤክሴል የሚባለውን የስሌት ሰንጠረዥ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ስሞቹን ወደ ታች፣ ውጤቶቹን ወደ ጎን ያስገቡ። ከመጀመሪያው ተማሪ ውጤቶች ቀጥሎ ያለውን ባዶ ሳጥን ይንኩና ከላይ የሲግማ ምልክት ያለበትን ይጫኑ። ሲግማን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ድምር ነው። የትኞቹን ቁጥሮች እንደሚደምር በመስመር ከቦ ያሳይዎታል፤ ትክክል ከሆነ ኢንተርን ይጫኑ። ከዚያ ድምሩ የወጣበትን ሳጥን እንደገና ይንኩና ታችኛ ቀኝ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ካሬ ይዘው እስከ መጨረሻው ተማሪ ወደ ታች ይጎትቱ። የሁሉም ድምር በአንድ ጊዜ ይወጣል። አሁን ከአምናው ወረቀት ጋር ያስተያዩት።

እኔ ይህን ባደረግኩ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ልዩነት አገኘሁ። ሁለቱ ጥቃቅን ነበሩ። ሦስተኛው ግን የአንዲት ተማሪ ድምር ነበር፤ በእጄ ስደምር 10 ነጥብ አጉድዬባታለሁ። ዓመቱ አልፎ ነበር፤ ልጅቱም ትምህርት ቤቱን ለቃለች። ሲደክመኝ እኩለ ሌሊት ላይ የደመርኩት ሮስተር ነው። ዛሬም ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ «ኮምፒውተር ለምን?» የሚለኝ ባልደረባ ሲገጥመኝ ስለ ዘመናዊነት አላወራለትም፤ ስለዚያች ልጅ እነግረዋለሁ።

ግን ማሽኑ ያስገቡለትን ነው የሚደምረው። 68ን 86 ብለው ከጻፉ አይከራከርዎትም። ስለዚህ ከጨረሱ በኋላ ልጅዎ ከወረቀቱ ጮክ ብላ ታንብብልዎት፤ እርስዎ ከስክሪኑ ያመሳክሩ። ሥራውን በፍላሽም ይያዙት። የተማሪ ስምና ውጤት በየሰው ስልክ እንዳይዞር ደግሞ አደራ እላለሁ።

ለሰሌዳ ሰው ደስ የሚል አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ይህ ቁጥር የሚደምረው ሰንጠረዥ የተወለደው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ዳን ብሪክሊን በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ መምህሩ ሰሌዳውን በስሌት ሞልተው አንድ ቁጥር መለወጥ ሲኖርባቸው ከሥሩ ያለውን ሁሉ እያጠፉ እንደገና ሲጽፉ ያያል። «ይህ ሰሌዳ ራሱን ቢያስተካክልስ?» የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሠርተው ያወጡት ቪዚካልክ ለግል ኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው የስሌት ሰንጠረዥ ሆነ። ኤክሴል የመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ሮስተሩ እጅዎ ሲገባ ወደ ክፍል እንሂድ። እኔ የምመራበት መለኪያ አንድ ነው፤ ሰሌዳ ላይ መንቀሳቀስ ያለበትና የማይንቀሳቀስ ነገር ካለ ፕሮጀክተሩን እከፍታለሁ፤ ከሌለ አልከፍትም።

የኔን ምሳሌ ልስጥዎት። ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ሲማሩ አንድ የማይነቀል ስሕተት አላቸው፤ የመጀመሪያው አምፖል ከሚፈሰው ላይ ጥቂቱን «ይበላል»፣ ለሁለተኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው ይላሉ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ቀስት ሥዬ «አይበላም፤ ያው ነው» ብያለሁ። ፈተና ላይ መልሱን ይጽፋሉ፤ በልባቸው ግን አላመኑም። ከዚያ ፌት የሚባለውን አገኘሁ። በፊዚክስ የ2001 የኖቤል ተሸላሚ ከሆኑት አንዱ የሆነው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው በነጻ የሚገኝ የሳይንስና የሒሳብ ማሳያ ስብስብ ነው። ባትሪ፣ ሽቦና ሁለት አምፖል ስክሪኑ ላይ አገናኘሁ። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ሰማያዊ ኳሶች ተሰልፈው መሄድ ጀመሩ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ቀረበና ከአምፖሉ በፊት የሚያልፉትን በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ቀጥሎም ከአምፖሉ በኋላ ያሉትን። ዞር ብሎ «እኩል ናቸው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቹ። ብዙ ዓመት በቃሌ ያልቻልኩት በዚያች ደቂቃ ሆነ።

ለእርስዎ ትምህርት ጂኦጀብራ አለልዎት። ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናቱ የጀመረው ነው። ላፕቶፑ ላይ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። «ዋይ እኩል ይሆናል ኤ ኤክስ ስኩዌር» የሚለውን ሲጽፉለት ፓራቦላውን ይሥላል፤ «ኤ»ን የምትለውጥ፣ ግራና ቀኝ የምትንሸራተት ነጥብም ይሰጥዎታል። ከመነካቷ በፊት ግን ተማሪዎቹን ይጠይቁ፤ «ኤ እየቀነሰ ሲሄድ ኩርባው ምን ይሆናል? ዜሮ ሲደርስስ?» ደብተራቸው ላይ ይሣሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ያንሸራትቱ። ኩርባው እየተለጠጠ፣ እየተኛ ይሄድና ዜሮ ላይ በኤክስ መስመር ላይ ጋደም ይላል፤ ቀጥሎም ወደ ታች ይገለበጣል። ይህን በጠመኔ ለማሳየት ስንት ፓራቦላ መሣል እንደሚያስፈልግ እርስዎ ያውቃሉ። ምክንያቱን ለማስረዳት ፕሮጀክተሩን አጥፍተው ወደ ሰሌዳዎ ይመለሱ።

ማስታወሻ ጽፎ በፕሮጀክተር አሳይቶ ማስገልበጥን ግን አልመክርዎትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ ባደረጉት ጥናት አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ሳያዩ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት ናቸው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚበራው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከዚያም ዝምታ።

የሳቁት ተማሪዎች ነገር እንዳሳመመዎት ይገባኛል። ያንን ልጅ ከክፍለ ጊዜው በፊት ይጥሩትና «ባለፈው የተጫንከው የትኛውን ነው? እኔ ልጫነው፤ አንተ ንገረኝ» ይበሉት። በክፍሉ ፊት ደግሞ ስሙን ጠርተው ያመስግኑት። እኔ ይህን ካደረግኩ በኋላ ክብሬ ሲጎድል አላየሁም። እንዲያውም ለጥያቄ እጅ አውጥተው የማያውቁ ልጆች «አልገባኝም» ማለት ሲጀምሩ አይቻለሁ፤ መምህራቸው ሲል ሰምተዋላ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ካለ ሁለት ደቂቃ ይስጡትና ይተዉት። ጠመኔው በኪስዎ ነው፤ ትምህርቱም አብሮዎት አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ላፕቶፑ እንዴት እንደሚጠፋ ረሳሁ ብለውኛል። የሠሩት ካለ መጀመሪያ ኮንትሮልን ይዘው ኤስን ይጫኑ፤ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኪቦርዱ ታችኛ ረድፍ በስተግራ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ። በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ አናቱ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ያለበት ትንሽ ክብ አለ፤ እሱን ነክተው «ሻት ዳውን» የሚለውን ይምረጡ። ዛሬ ማታ ከመሳቢያው ያውጡት፤ ይክፈቱት፤ ስምዎን ይጻፉበት፤ ያጥፉት፤ በኮንትሮልና በዜድ ይመልሱት። ሲጨርሱም ልጅዎን ሳይጠሩ ራስዎ ይዝጉት።