የአንቴስቲያ ስፐርም ከሰው በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የአባቴን ቡና አንቴስቲያ የሚባል የቡና ትኋን እያስቸገረው ነው። መምህራችን የትኋን ወገኖች ስፐርም (የወንድ ዘር ህዋስ) ከሰው በጣም ይለያል አለን። በምን?

መልስ፦ ግሩም ጥያቄ ነው ወንድሜ! አንቴስቲያም የመኝታ ትኋንም ዘመዳሞች ናቸው። ዋናው ነገር ጅራቱ ላይ ነው። የሰው ስፐርም ጅራት ውስጥ 9 ጥንድ ጥቃቅን ቱቦዎች ዙሪያውን፣ 2 ደግሞ መሃል ላይ አሉ፤ በትኋኖች ግን እንደ አብዛኞቹ ነፍሳት ከውጭ 9 ነጠላ ቱቦዎች ይጨመራሉ። ማይቶኮንድሪያውም (የህዋሱ ጉልበት አመንጪ ክፍል) ተዋህዶ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ይሆንና በጅራቱ ጎን ይዘልቃል። የትኋኖች መለያ ታዲያ እነዚህ ዘንጎች ከቱቦዎቹ ጋር በቀጫጭን ድልድዮች መያያዛቸው ነው።

ርዝመቱማ ጉድ ነው። የሰው 0.06 ሚሊሜትር አይሞላም፣ በጀርባዋ የምትዋኘው ኖቶኔክታ የምትባል የውሃ ትኋን ግን ከ10 ሚሊሜትር ያልፋል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አንቴስቲያ ያለበት የገማ ትኋኖች ቤተሰብ ነው። በብዙዎቹ ዝርያዎች የወንዱ የዘር ፍሬ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሲሆን ከክፍሎቹ አንዱ የክሮሞዞም (የዘረ-መል ተሸካሚ) ቁጥራቸው የተዛባ ስፐርሞች ይሠራል። እነዚህ ጤነኛ ፅንስ ያስገኛሉ ተብሎ አይታሰብም፤ ታዲያ ለምን ይሠራቸዋል? ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከሩበታል።