«እግዚአብሔር» ስንት ኖታ ነው?

ልጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ ያዘጋጀው የመዝሙር ኖታ ታደለ። ሲያዩት ያምራል። ዘመርነው፣ ሦስተኛው ባር (የኖታው ክፍልፋይ) ላይ አልቶዎቹ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የሚዘምሩት፣ ቆሙ። «እግዚአብሔር» በሰባት ኖታ ላይ ተዘርግቷል፤ እ ለብቻው፣ ግ ለብቻው፣ ዚ ለብቻው። ዜማው አለቀ፣ ቃሉ ገና ነው። ሳቅን፣ አለፈ። ግን እኔም በዚሁ ስህተት ስንት ዓመት ስለደከምኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፊደላችን አንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ጉዱ ያለው ሳድሱ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይዘመራል፣ አንዳንዴ ከእሱ በፊት ባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል። አፋችሁን ከፍታችሁ ዘምሩት፦ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር። አራት። «ምስጋና»? ምስ፣ ጋ፣ ና። ሦስት። ኖታ የምንጽፍበት ሶፍትዌር፣ ሙዝስኮር፣ ይሄን አያውቅም፣ እናንተ ሰረዝ (-) የመታችሁበትን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሙዝስኮር ላይ ግጥም ስታስገቡ «እግ» ብላችሁ ሰረዝ፣ «ዚ» ሰረዝ፣ «አብ» ሰረዝ፣ «ሔር» ስፔስ። ስፔስ ቃሉ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሰረዙ ገጹን ያቆሽሻል ብለው የሚተዉት አሉ፣ እኔ አልስማማም፤ ኖታው ሲራራቅ ፊደሉም ይራራቃል፣ ታዲያ የቱ ፊደል የየትኛው ቃል እንደሆነ ዘማሪው በምን ይወቅ?

የመዝሙሩ ሁለተኛ ቁጥር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛው ቁጥር ላይ በሁለት ኖታ የተሳበው ድምፅ፣ እዚህ ሁለት ድምፅ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱን ኖታ የሚያያይዘውን ቅስት ቁርጥርጥ መስመር አድርጉት፣ ዘማሪው ይገባዋል።

የሶፕራኖ፣ የከፍተኛው የሴቶች ድምፅ፣ የኖታ ጭራ ወደ ላይ፣ የአልቶ ወደ ታች፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። መስመር የምትሰብሩት ግን ስንኙ ሲያልቅ ይሁን፣ ባሩ ገና ባይሞላም።

ስለ መጠን ልናገር፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። ወጣት ሳለሁ አራት ቁጥርና አዝማች በአንድ ገጽ ካልገባ ብዬ ስታፉን፣ ኖታው የሚቀመጥበትን አምስት መስመር፣ አሳነስኩት። ስክሪን ላይ ልቅም ያለ ነበር። የፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ሲታደል፣ በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ባሶቹ፣ ወፍራሙን የወንዶች ድምፅ የሚዘምሩት፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ቀሩ። ፊደላችን በትንሽ ጭረት ነው የሚለያየው፤ «ሉ» ጭረቷ ከጠፋች «ለ» ናት። ሙዝስኮር ሲከፈት የስታፉ ቁመት 7 ሚሊሜትር ነው፣ እኔ ከዚያ ብዙም አልወርድም። ግጥሙን እንዲያውም ከፍ አደርገዋለሁ። ሁለት ገጽ ቢሆን ምን አለበት? ወረቀት እንደሆነ ከዓይን አይወደድም።

ፎንት ላይ አትጫወቱ። ከዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በፊት በነበሩት ፎንቶች የጻፍኳቸው መዝሙሮች ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ናቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ በነፃ ይገኛሉ። ሥራችሁን ደግሞ በሶፍትዌሩ ፋይል ብቻ አታስቀምጡ፣ ሌሎች የኖታ ሶፍትዌሮችም በሚከፍቱት የፋይል ዓይነት፣ በሙዚክ ኤክስኤምኤልም አውጡት። ፊናሌ የተባለውን የኖታ ሶፍትዌር የሠራው ድርጅት ከ35 ዓመት በኋላ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በቃኝ ሲል ስንቱ አቀናባሪ እንደተደናገጠ አይቻለሁ።

ወደ አሜሪካ የምትልኩ ካላችሁ፣ እዚያ ያሉት ወገኖች የሚያትሙት በሌተር ወረቀት ነው። የእኛ ወረቀት ኤፎር 297 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ሌተር 279። የእኔ ባስ መስመር አንዴ እዚያ 18 ሚሊሜትር ውስጥ ቀርቶ፣ ባሶቹ ግጥሙን ብቻ ይዘው በግምት ዘምረዋል አሉ።

አንተ የቅዳሜው፣ አስተካክለህ አምጣው። ሁለተኛውን ቁጥር ጮክ ብለህ ዘምረኸው ና፣ እኔም መነጽሬን ቤት ትቼ እመጣለሁ።