የዴድ ኬኔዲስ የመጀመሪያ አልበም ስላቅ ዛሬም ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዴድ ኬኔዲስን፣ የአሜሪካውን የፐንክ (ፈጣንና ቁጡ ሮክ) ባንድ፣ የመጀመሪያ አልበም «ፍሬሽ ፍሩት ፎር ሮቲንግ ቬጀታብልስ»ን አዳመጥክ፤ የድምፃዊው አዘፋፈን አናደደህ። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ «ኪል ዘ ፑር» ነው፤ ድሆችን ግደሉ ይላል። «ይህን እንዴት ክላሲክ ትሉታላችሁ? የዚያን ጊዜ ሹፈትስ ዛሬ ለማን ይሆናል?» አልክ። እኔ ከዚህ አልበም ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ በካሴት፣ በኋላ በሸክላ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በእኔ ሚዛን ትልቅ አልበም ነው። አሥራ አራቱም ዘፈን ግን እኩል አይደለም።

ከሽፋኑ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። የሚቃጠሉት የፖሊስ መኪኖች ለፎቶ ተብለው የተቃጠሉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዳን ኋይት የሚባል የቀድሞ የከተማ ምክር ቤት አባል የሳን ፍራንሲስኮን ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒንና የምክር ቤቱን አባል ሃርቪ ሚልክን ማዘጋጃ ቤቱ ገብቶ በጥይት ገደለ። በግንቦት 1979 ፍርድ ቤቱ ቀለል ያለ የግድያ ጥፋት ብቻ ሲፈርድበት ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ፤ መኪኖቹም ነደዱ። ባንዱ የተመሠረተው እዚያው ከተማ ነው። ድምፃዊው ጄሎ ቢያፍራ በዚያው ዓመት ለከንቲባነት ተወዳድሮ አራተኛ ወጥቷል። ከቅስቀሳ ሐሳቦቹ አንዱ ነጋዴዎች ከተማ ውስጥ የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ እንዲለብሱ የሚል ነበር። አልበሙ በ1980 ሲወጣ እነዚህ ልጆች ከሩቅ ሆነው አልነበረም የሚቀልዱት።

አሁን ወደ «ኪል ዘ ፑር»። ዘፋኙ በራሱ አፍ አይደለም የሚያወራው። በሚጠላው ሰው አፍ ነው። የዚያን ጊዜ አሜሪካኖች ስለ ኒውትሮን ቦምብ ይከራከሩ ነበር፤ ሰውን በጨረር የሚገድል፣ ሕንፃውን ግን ያን ያህል የማይጎዳ ተብሎ የተወራለት ቦምብ ነው። በዘፈኑ የሚናገረው ባለሥልጣን ደስ ብሎታል። ቤቱ ይተርፋል፣ ድሃው ይጠፋል፣ ለድጎማ የሚወጣው ገንዘብም ይቀራል። መግቢያውን እንደገና ስማው። ዝግ ብሎ፣ ከበድ ብሎ፣ ልክ እንደ ብሔራዊ መዝሙር ይጀምርና ድንገት ይሮጣል። ሙዚቃው ራሱ የበዓል ንግግር እያደረገ ነው።

ያናደደህ ድምፅም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያሽሟጥጥ ድምፅ የገጸ ባሕሪ ድምፅ ነው። በለስላሳ ድምፅ ቢዘፈን ኖሮ ባለሥልጣኑን ልትወደው ትችል ነበር። ቢያፍራ እንዲያ እንድትሳሳት አይፈቅድልህም።

«ኬሚካል ዋርፌር»ንም በደንብ አዳምጠው። አንድ ሰው ከጦር መሣሪያ መጋዘን መርዝ ይሰርቃል። ዘፈኑ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ መሐል ላይ ይቆምና የታወቀ የድሮ ቫልስ፣ ዝግ ያለ የዳንስ ሙዚቃ፣ ይመጣል። የሀብታሞች ክለብ ውስጥ ነህ፤ ሰዎቹ ተዝናንተዋል። ከዚያ መርዙ ይደርሳል፣ ቫልሱ ይፈርሳል፣ ጩኸት ይሆናል። ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ጥቂት ሰከንዶች እነዚህ ናቸው። እዚያ ቦታ ግጥም አያስፈልግህም።

ለዚህ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለጊታሪስቱ ለኢስት ቤይ ሬይ ነው። ሌሎቹ የፐንክ ባንዶች ጊታሩን እንደ መጋዝ ሲያስጮኹት፣ እሱ የ1960ዎቹን የሰርፍ ሙዚቃ (የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ወጣቶች የጊታር ሙዚቃ) ድምፅ በኤኮ እያስተጋባ አመጣ። የሚያስፈራና የሚያዝናና በአንድ ላይ ነው። የክላውስ ፍሎራይድን ቤዝ ደግሞ «ሆሊደይ ኢን ካምቦዲያ» መግቢያ ላይ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ዘፈን የማውቀውን ልንገርህ። ብዙ ሰው በካምቦዲያው አምባገነን በፖል ፖት ላይ የተዘፈነ ይመስለዋል። አንድ ቀን አጎቴ ቤቴ እያለ ከፍቼው ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ታስሮ የወጣ ሰው ነው፤ ሮክ አይወድም። ግጥሙን እየተረጎምኩ ነገርኩት። ስለ አንድ የተደላደለ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ይላል፤ የድሃ ችግር ገብቶኛል ይላል። ዘፈኑ «እንግዲያው ካምቦዲያ ሂድና እረፍትህን አሳልፍ» ብሎ ይልከዋል፤ እዚያ ጠመንጃ ከኋላው ተደግኖበት ለጥቂት ሩዝ እንዲለፋ። አጎቴ እስከ መጨረሻው ሰማና «ልጁ የተናደደው ከሩቅ ሆኖ በሚያወራው ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ዘፈን በሌላ መንገድ መስማት አልቻልኩም። ክመር ሩዥ የሚባለው የፖል ፖት መንግሥት የወደቀው በ1979 መጀመሪያ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያለ ዘፈን መሥራት ድፍረት ይጠይቃል።

«ዘመኑ አልፎበታል» ያልከው በአንድ ዘፈን ላይ ልክ ነህ። «ካሊፎርኒያ ኡበር አለስ» የወቅቱን የካሊፎርኒያ ገዥ ጄሪ ብራውንን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገሩን በግድ የሚያረጋጋ፣ ሕፃናቱን ትምህርት ቤት ሜዲቴሽን የሚያስገባ አምባገነን አድርጎ ይስለዋል። ድራሙና ዜማው ድንቅ ነው፤ ኢላማው ግን ዛሬ ለማያውቀው ሰው ሩቅ ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ግን ሮናልድ ሬገን ሆነ። ባንዱ ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1981 ያንኑ ዘፈን ቃሉን ቀይሮ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ እንደሚሰማ ጃዝ አዝግሞ ጀመረውና ሬገን ላይ አዞረው። ስላቁ ሲያረጅ ራሳቸው የጠገኑ ሰዎች ናቸው። ይህንን በጣም አከብርላቸዋለሁ።

የማልወድላቸውም አሉ። «አይ ኪል ችልድረን» (ሕፃናት እገድላለሁ) ለማስደንገጥ ብቻ የተሠራ ይመስለኛል፤ በዚያ ገጸ ባሕሪ ጀርባ የሚመታ ባለሥልጣን የለም። «ኢል ኢን ዘ ሄድ» እና «ፈንላንድ አት ዘ ቢች» አልፈሃቸው ብትሄድ አይቆጭህም። የመጨረሻው፣ የኤልቪስ «ቪቫ ላስ ቬጋስ»፣ ፈገግ ያሰኛል፤ ያበቃል።

«ሰው ቃል በቃል ቢወስደውስ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ የወሰዱት ነበሩ። ኮንሰርታቸው ላይ ለድብድብ የሚመጡ፣ የናዚ ምልክት ያደረጉ ጎረምሶች ይገኙ ነበር። ባንዱ በ1981 እነሱኑ በቀጥታ፣ ያለ ምንም ሽሙጥ፣ ከዚህ ጥፉ የሚል አጭር ዘፈን አወጣባቸው። ስላቅ የማይበቃበት ቦታ እንዳለ ያወቁ ይመስለኛል።

አሁን ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከመጀመሪያው አትጀምር። «ሆሊደይ ኢን ካምቦዲያ»ን ክፈት፤ ቀጥለህ «ኬሚካል ዋርፌር»፣ ከዚያ «ሌትስ ሊንች ዘ ላንድሎርድ»ን (አከራዩን እንስቀለው ማለት ነው)፤ የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። «ኪል ዘ ፑር»ን አራተኛ አድርገው፣ ግጥሙን ፊትህ ዘርግተህ። ከቻልክ በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ የጊታሩ ኤኮ በስልክ ስፒከር ይጠፋል። ያኔም ድምፁ ካናደደህ ንገረኝ፤ ሌላ ባንድ እጠቁምሃለሁ።