«ጫማው እንኳ አልሆናትም»

አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣

የሰው ደብዳቤ እዚህ አምድ ላይ ሳነብ «ይቺ ሴት ራሷ ናት ያበላሸችው» እያልኩ ስፈርድ ኖሬ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ሲቆጡኝ ቀስ ብለው ይቆጡኝ።

ደሴ ሸዋ በር ነው የምኖረው፤ ከእናቴና ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር። ከአባቷ ከተፋታን ሁለት ዓመት አለፈን። ፍርድ ቤቱ ልጅቷ እኔ ዘንድ እንድታድግ፣ እሱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ወስዶ እሁድ ማታ እንዲመልሳት፣ በዓልን ተራ በተራ እንድናደርግ፣ ቀለብም በየወሩ እንዲቆርጥ ወሰነ። እስከ መጋቢት ድረስ በዚህ ነገር ተጣልተን አናውቅም። እሱ መንገድ ላይ ከሆነ እህቱ ከኮምቦልቻ መጥታ ትወስዳታለች። ልጄ ስትመለስ ሐረጎን ሲወርዱ ጆሮዋ እንዴት እንደተደፈነ፣ ታች ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ እንደጣለች ስታወራልኝ ታመሻለች።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ ሚሌ ይወርዳል፣ ከዚያ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ። በወር ሁለቴ፣ ሥራ ሲበዛ ሦስቴ ይመላለሳል።

መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ማመላለሻው ቆመ። ያኔ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ሚኒባሱ ግማሽ ሰው እየጫነ በእጥፍ ታሪፍ መሥራት ሲጀምር ግን «ልጄን ላኪልኝ» አለ። እምቢ አልኩ። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። በየማታው ዜና ላይ የምንሰማው ደግሞ «ከጅቡቲ የተመለሱ አሽከርካሪዎች» የሚል ነው። ናሙና ሰጥቼ ነፃ ነህ ተብያለሁ ብሎ የወረቀቱን ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ወረቀቱ የሚናገረው የዚያን ቀኑን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደበላህ፣ ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣህ አይነግረኝም አልኩት።

ግንቦት 16 ኢድ ሲሆን ተራው የእሱ ነበር። በጠዋት በራችን ላይ መጣ፤ ማስክ አድርጓል። አልከፈትኩለትም። ልጅቷ ከቆርቆሮው በር ሥር በሆዷ ተኝታ እግሩን ስታይ ነበር። ፌስታል በሩ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ተምር፣ ሐልዋና ቀይ ጫማ ነበረበት። እናቴ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቆየችው፤ ሐልዋውን ጉንዳን በላው። ጫማው ደግሞ ጠበባት፣ ተረከዟ ውጭ ቀረ። የልጁን የእግር ቁጥር የማያውቅ አባት ነው እንግዲህ ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ የሚለኝ።

የግንቦትን ቀለብ አልላከም። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እናቴን አሟታል ብዬ ከበር መለስኳቸው። አሁን ውሳኔው ይፈጸምልኝ ብዬ የአፈጻጸም ክስ እከፍታለሁ ብሏል። እኛ እኮ በጣም ነው የምንጠነቀቀው! ገበያ እንኳ አልወጣም፤ ወንድሜ ባጃጅ ስለሚነዳ ማታ ሲገባ የሚያስፈልገንን ይዞልን ይመጣል፣ ራቱንም እኛው ጋ ይበላል፣ ልጅቷንም ያጫውትልኛል። አባቷ በጥር ኒካህ አስሯል፤ ይህ ግን ከነገሩ ጋር አይገናኝም።

ያስጻፈኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሐሙስ እጇን እያስታጠብኳት «እማ፣ ኮሮና ያለበት አባዬ ብቻ ነው?» አለችኝ። እኔ እንዲህ ብያት አላውቅም። ሕጉስ ምን ይለኛል? ጥፋተኛ ነኝ ወይ?

የአንድ ልጅ እናት፣ ከደሴ
ሰኔ 2012

መልስ

ወአለይኩም ሰላም ልጄ፣

ቀስ ብለው ይቆጡኝ ስላልሽ፣ ደስ ከሚልሽ ልጀምር። ፍርሃትሽ ልክ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናት ይዞ በዚህ ጊዜ የማይፈራ ሰው ካለ ችግሩ የእሱ ነው። የናሙና ወረቀቱን በተመለከተ የተናገርሽውም ትክክል ነው፤ ወረቀቱ ስለ አንድ ቀን እንጂ ስለ ሳምንቱ አይመሰክርም።

አሁን ወደሌላው። አባትየው በራችሁ ላይ ቆሞ ሳይከፈትለት ሄደ። በዚያው ቀን ማታ ግን ወንድምሽ ገብቶ ራት በላ። ባጃጅ ነጂ በቀን ስንት ሰው ይጭናል? ፒያሳ ያወረደው ማን እንደነበር፣ ከመናኸሪያ ያነሳው ከየት እንደመጣ ያውቃል? ጅቡቲ የደረሰው ሰው ሲመለስ ናሙና ሰጥቷል፤ ወንድምሽ ሰጥቷል? በሽታውን ፈርተሽ በሩን ብትዘጊ ኖሮ ለሁለቱም በዘጋሽው። አንዱን አስገብተሽ አንዱን ስትመልሺ፣ በሩ የተዘጋው በሌላ ቁልፍ ነው። «አይገናኝም» ያልሽውን፣ በጥር የታሰረውን ኒካህ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካልተገናኘ ምን ሊያደርግ ደብዳቤው ውስጥ ገባ? ቢያምሽ አይገርመኝም፤ ሰው ነሽ። ግን የእሱን ሰርግ ሂሳብ ልጅቷ አትክፈል።

ስለ ጫማውም ልበል። ቁጥሯን አያውቅም አልሽ። የሚያውቀው የመጋቢቱን ቁጥር ነው። በመጋቢት ገዝቶላት ቢሆን ጫማው ልክ ይሆን ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ እግር ሦስት ወር ቆሞ አይጠብቅም፤ ያደገውን እንዳያይ በር የተዘጋበት ሰው በምን ይለካው?

ሕጉን ጠይቀሽኛል። የጉብኝቱ ቀን አንቺ ለእሱ የምትሰጪው፣ ሲያስከፋሽ የምትከለክይው ነገር አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ሲል፣ መብቱን የጻፈው በልጁ ስም ነው። ስለዚህ ኢድ ዕለት የተወሰደው በመጀመሪያ የልጅሽ ነው፣ የአባቷ ቀጥሎ ይመጣል። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከነደንቡ ብዙ ነገር ከልክሏል፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ መጨባበጥን፣ እስረኛ መጠየቅን ሳይቀር። አባት ልጁን እንዳያይ የሚል ግን የለበትም።

ይኸው አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ደህንነት ነው ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በዚህ ላይ ቆሞ፣ አባት ልጄን ልውሰድ ሲል ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። (ይህን ለራስሽ እንዳትጠቅሺው። የአክስትየዋ ክርክር ማን ያሳድግ የሚል ነበር፣ አባት ልጁን አይይ የሚል አልነበረም።) የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ልጅን የሚመለከት ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና እንዲታይ በር ይከፍታል። ወረርሽኝ የሁኔታ ለውጥ ነው፤ የእናትሽ ሕመምም እንደዚሁ። የሚለውጠው ግን የወሰነው ፍርድ ቤት ነው፤ መዝገባችሁ ያለው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነም እዚያው። አንቺ መጋቢት ላይ ወይም ሚያዝያ ላይ «ጉብኝቱ ይቁም አልልም፣ አዳሩ ለጊዜው ይቅር» ብለሽ ብታመለክቺ ኖሮ ዛሬ እንደ ከሳሽ ትናገሪ ነበር። ሳታመለክቺ ስለከለከልሽ ተከሳሽ ልትሆኚ ነው፤ የአፈጻጸም መዝገብ ከከፈተ «በሽታ ነው» ማለትሽ ብቻውን አያድንሽም። ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ሆነው ቢቆዩም አስቸኳይ ጉዳይ ይቀበላሉና አሁንም አልረፈደም። የእናትሽን የሐኪም ማስረጃ አያይዢ።

ቀለቡን በመቁረጡ ግን እሱም አጥፍቷል፣ ይህንን ጋዜጣውን አሳይው። ልጁን አላሳዩኝም ብሎ የልጁን ዳቦ የሚቆርጥ አባት፣ ቀለብ አልተላከም ብላ በር ከምትዘጋ እናት አይሻልም። ሁለቱ ጉዳዮች በሕግም በህሊናም ለየብቻ ናቸው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? የመለስሻቸውን ሽማግሌዎች ራስሽ አስጠሪ። በወሎ ሽማግሌ ከበር አይመለስም፤ አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ «እናቴን አሟት ነበር» ማለቱን ትተሽ ይቅርታ ጠይቂ። ግቢ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጡ። ከዚያ የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ መዝገቡ ላይ እንዲያያዝ ለፍርድ ቤቱ አስገቡ።

እኔ ብሆን የምስማማበትን ልንገርሽ። አባቷ የጉዞ ቀኑን አስቀድሞ ይንገርሽ፤ መቼ ይወጣል፣ መቼ ይመለሳል። በወር ሁለቴ ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ 14 ቀን ቤት ይቀመጥ ማለት «ልጅህን አታይም» ብሎ በጨዋ ቋንቋ መናገር ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ እያለ አዳሩ ይቅርና ቀኑ ይኑር። ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ ያንን ቆርቆሮ ክፈቺለት፤ እጁን ታጥቦ፣ ማስክ አድርጎ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ይቀመጥ። እናትሽ ቤት ውስጥ ትሁን። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ ይባላል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቷ ሁለት እርምጃ ርቃ ትቀመጣለች ብዬ አልዋሽሽም። ትሮጥበታለች። አንዴ ካቀፈችው በኋላ እጇንም ልብሷንም ታጥቢያለሽ፣ አያቷ ጎን ከመቀመጧ በፊት። በዚህ ሁሉ አደጋው ዜሮ አይሆንም፤ ማታ ማታ ከምትቀበዪው አደጋ ግን አይበልጥም።

ለአዳር አረፋን ስጪው። ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው፤ በተራው የአንቺ ቢሆንም ኢዱን ወስደሽበታል። እሱ ደግሞ በበኩሉ ከአረፋ በፊት 14 ቀን ጉዞ አይውጣ፤ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ወይም ተራውን ለባልደረባው ይልቀቅ። ቀላል አይደለም፤ ጉዞ ካልወጣ አበሉ ይቀራል። ልጄን ካለ ይቀራታ! ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሁለት ቀን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ኮምቦልቻ ትክረም፣ ሹራቧን አውልቃ ትሩጥ። ስትመለስ እናትሽ ለሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል ትተኛ። በመሃል አንድ ሰው ካሳለው ወይም ካተኮሰው ሁሉም ነገር ቆሞ ወደ ኮሮና የስልክ መስመር፣ ወደ 8335 ይደወል፤ የጠፋው ቀን በኋላ ይካካሳል። ይህም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ማታ የሚደውልበት ሰዓት ይወሰን፤ ሚሌም ያድር ሎጊያ። ስልኩን ለልጅቷ ስጪያትና አንቺ ወጥ ቤት ግቢ። የመጀመሪያው ቀን ግን ራሷ ደውላ የጫማዋን ቁጥር ትንገረው።

የልጅሽን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለከበደኝ ነው። እንዲህ ብያት አላውቅም አልሽ፣ አምንሻለሁ። ግን የአባቷ ፌስታል ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ የአጎቷ ፌስታል በቀጥታ ጓዳ ሲገባ አይታለች። አንድ ቃል ሳይነገራት ራሷ ደምራ ነው የደረሰችበት። ስንዴው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ ሳይቀር በነዚህ ሹፌሮች እጅ ከጅቡቲ እየመጣልን እኛ አዋቂዎቹ እንኳ «የጅቡቲ ሹፌር» የሚለውን እንደ በሽታ ስም መጥራት ጀምረናል፤ እሷ ምን ታድርግ? ዛሬ ማታ አስቀምጠሽ ንገሪያት፤ ኮሮና ማንም ሰው ላይ ሊኖር ይችላል፣ እኔም ላይ፣ አጎትሽም ላይ፣ ለዚያ ነው ሁላችንም የምንታጠበው በያት። እንድታምንሽ ደግሞ ወንድምሽን ከዛሬ ጀምሮ ራቱን በረንዳ ላይ ስጪው።