የምላስ ጎን ቁስል

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 52። ምላሴ ጎን ላይ፣ የተሰበረው መንጋጋ ጥርሴ በሚነካው ቦታ፣ ቁስል ከወጣብኝ ሁለት ወር አለፈው። በርበሬ ሲነካው ያቃጥላል እንጂ አያምም። ሲጋራ አጨሳለሁ። ባለቤቴ በባትሪ አይታ «ከኋላ ትልልቅ እብጠት አለ» ብላ ደነገጠች። ጎረቤት ደግሞ «ብረት እንዳታስነካው፣ ይዛመታል» ይለኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ባለቤትዎን ያረጋጉልኝ። ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብለው እንደ ቀስት ጫፍ የተሰለፉት ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ጉብታዎች የጣዕም መለያ ናቸው፤ ሁላችንም አሉን። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ መስታወት ላይ አይቻቸው እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ።

የጎኑ ቁስል ግን አሳስቦኛል። የምላስ ካንሰር በብዛት የሚነሳው ከጎኑ ነው፤ ትምባሆ ደግሞ ዋና መንስኤው ነው። ምላስ አጥንት የለውም የሚባለው ለነገረኛ ብቻ አይደለም። ጡንቻ በጡንቻ ስለሆነ ካንሰር ከገባበት የሚያግደው የለም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ወደ አንገት ንፍፊቶችም ይሻገራል። አለማመሙ አያዘናጋዎት፤ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

ምናልባት ጥርሱ የፋቀው ተራ ቁስል ይሆናል። ጥርሱን ያስተካክሉት። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት ያለፈ ቁስል ናሙና ይወሰድለታል፤ የእርስዎ ሁለት ወር አልፎታል፣ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። በማደንዘዣ ከጠርዙ ትንሽ ሥጋ ነው የሚቆረጠው። ጎረቤትዎን አይስሟቸው፤ የሚያዛምተው መዘግየቱ እንጂ ብረቱ አይደለም። ሐኪሙ አንገትዎን በእጁ ካልዳበሰ ደግሞ እርስዎ ይጠይቁት።