ሐይቅ ገብቼ ነበር፣ አሁን ትኩሳት ይዞኛል፤ ቢልሃርዝያ ይሆን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። ከአራት ሳምንት በፊት ሐይቅ ውስጥ ዋኝተሽ፣ በማግስቱ እግርሽን አሳክኮሽ፣ አሁን ደግሞ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዞሽ፣ የሰገራ ምርመራሽ ግን «ምንም የለም» ብሏል። ቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በደንብ ይችላል። በዚያ ውጤት ተማምነሽ እንዳትተዪው።

እኔም ማላሪያ ተመርምሬ የለብህም ተባልኩ። ታይፎይድ ነው ተብሎ የተሰጠኝን መድኃኒት ጨረስኩ፤ ማታ ማታ ግን አንሶላዬ በላብ ይርስ ነበር። ሐይቅ ስለመግባቴ ማንም አልጠየቀኝም፣ ለእኔም ትዝ አላለኝም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የደም ውጤቴን አየች። ኢዮሲኖፊል የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ጥገኛ ትል ሲኖር የሚበዛው ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ ነበር። ቁጥሩን በእስክሪብቶ አክብባ «ወንዝ ወይም ሐይቅ ገብተህ ነበር?» አለችኝ። ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ ያኔ ነው።

ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባና ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። በዓይን አይታይም፤ ቆዳ በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ ሰውነት ውስጥ አድጎ፣ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው እንቁላል እስኪጥሉ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ትኩሳቱ ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። እንቁላሉ ገና ስላልተጣለ ሰገራሽ ውስጥ ባይገኝ አይገርምም! የሰገራም የሽንትም የደምም ምርመራ ለመጨረሻ ጊዜ ከዋኘሽ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ሲሆን ይሻላል፤ ቀድሞ ከተደረገ ይደገም። ሽንት የምትሰጪ ከሆነ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጪ፣ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። እኔ በክብደቴ ተሰልቶ፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ቀን ከምግብ ጋር ወሰድኩት። በጣም ይመራል፣ ትንሽም አዞረኝ፣ ግን ያልፋል። እባክሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ ዛሬውኑ እንዳትውጪ። ያደጉትን ትሎች እንጂ ገና ያልጎለመሱትን በደንብ አይገድልም፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው ከሳምንታት በኋላ መድገም ያስፈልገዋል። በትኩሳቱ ወቅት የሚሰጠውን ሐኪም ይወስን።

አብረውሽ የዋኙትም፣ ምንም ባያማቸው እንኳ፣ ይመርመሩ። ይህ ትኩሳት እንግዳ ሰው ላይ ነው የሚበረታው። ውሃው ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ትኩሳት ይይዘውና ለዓመታት እንቁላሉ ፊኛውንና ጉበቱን ይጎዳዋል። ልጆች ደም ሲሸኑ «የተለመደ ነው» ተብሎ የሚታለፍበት አካባቢ አለ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የምታውቂው ቤተሰብ እዚያ ካለ ይህንንም ንገሪያቸው።

ነገ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ገና ከመቀመጥሽ የዋኘሽበትን ቀንና ቦታ ተናገሪ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን በጣም ካመመሽ ወይም እግርሽ ከዛለ ግን ነገን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሂጂ።